ቆንጆ ሳይክል ለመነዳት ናት

በዚህ እትም ከደረሱን ጥያቄዎች ብዙዎቹ ስለ ሳይክል ናቸው። የቱን ልግዛ ብሎ የጠየቀ የለም ማለት ይቻላል። ያስጨነቃችሁ ሌላ ነው፦ ጭረት፣ ሌባ፣ የሰው ዓይን፣ የሰው አፍ። ደስ ብሎኝ ነው ያነበብኳቸው፤ ምክንያቱም ስለ ሳይክል ሲወራ ይሄኛው ክፍል ሁሌ ይዘለላል። ረዘም ያሉትን ደብዳቤዎች ትንሽ አሳጥሬያቸዋለሁ።

ጥያቄ፦ ሰላም ለአምዱ አዘጋጅ። ለረጅም ጊዜ ቆጥቤ ስመኛት የነበረችውን ሳይክል ገዛሁ። ጥቁር አረንጓዴ የብረት ፍሬም ናት፤ የቱቦዎቹ መገጣጠሚያ በእጅ የተሞረደ ነው፣ ኮርቻዋ ቡናማ ቆዳ። ችግሩ፣ አልነዳትም። ዝናብ ካረገዘ አላወጣትም፣ አቧራ ካለ አላወጣትም፣ የማቆምበትን ቦታ ካላመንኩት አላወጣትም። በቀደም ግድግዳ ላይ አስደግፌያት ተንሸራታ ተጫረች። እውነቴን ነው፣ ሌሊቱን ሙሉ እንቅልፍ በዓይኔ አልዞረም። ባለቤቴ «የገዛኸው ሳይክል ነው ወይስ የግድግዳ ሥዕል?» አለችኝ። ምን ትለኛለህ?
ጭረት ያሰጋው

መልስ፦ ወንድሜ፣ መጀመሪያ እንኳን ደስ ያለህ። ቆጥቦ የወደዱትን መግዛት ትልቅ ነገር ነው፤ ልታፍርበትም ልትሳቀቅበትም አይገባም።

አሁን ወደ ጭረቱ እንምጣ። ጭረት ምን እንደሚያደርግና ምን እንደማያደርግ ስታውቅ ግማሹ ጭንቀት ይለቅሃል። ያንተዋ ብረት ናት። ብረት ላይ ቀለም ሲላጥ የሚከተለው ዝገት ነው፣ ላይ ላዩን የሚይዘው ዝገት ደግሞ በጣም አዝጋሚ ነው። በአንዲት ጭረት የተነሳ ቱቦ አይበሳም። ቦታውን በአልኮል ጥረገው፣ ይድረቅ፣ ቀለሙን የሚመስል የጥፍር ቀለም ፈልገህ በቀጭን ብሩሽ ስስ አድርገህ ቀባው፣ ሲደርቅ ድገመው። አለቀ። ተጠግቶ ያላየ ሰው አያገኘውም። ቢያገኘውስ?

ብረትን በደንብ የሚጎዳው የማታየው ዝገት ነው። ውሃ በኮርቻው ምሰሶ በኩል ሾልኮ ይገባል፣ በቱቦው ይወርዳል፣ ታች የፔዳሎቹ እምብርት ጋ ይጠራቀማል፣ ከዚያ ከውስጥ ወደ ውጭ እየበላ ይመጣል። ስለዚህ ዝናብ ከመታት ቤት ስትገባ በጨርቅ አድርቃት። አልፎ አልፎ የኮርቻውን ምሰሶ ንቀልና ገልብጣት፣ ውሃ ካለ ይውጣ። ምሰሶውን ስትመልሰው ግራሶ ቀባው፤ ሳይቀባ ዓመታት ከቆየ ከፍሬሙ ጋር ይጣበቅና አልወጣም ይላል። ቀለሙ ከስሩ አብጦ አረፋ የመሰለ ነገር ካየህ እሱን ለመካኒክ አሳይ። ከዚህ ውጪ ያለው ጭረት የመልክ ጉዳይ ነው።

አንድ ነገር ደግሞ ልጨምርልህ። ብዙው ጭረት ከመውደቅ አይመጣም። ሳይክልህ ፊት ቁጭ በልና መሪውን ወደ ግራና ቀኝ ቀስ ብለህ አዙረው። የፍሬንና የማርሽ ገመዶቹ ሽፋን የፍሬሙን ግንባር ሲፈትገው ታያለህ፤ ሁልጊዜ አንድ ቦታ፣ ጥፍር የምታህል ቦታ። በላዩ ላይ ደቃቅ አቧራ ሲያርፍበት ሽፋኑ እንደ ብርጭቆ ወረቀት ይሠራል፣ በጥቂት ወራት ቀለሙን ጨርሶ ብረቱ ጋ ይደርሳል። ሌላው ቦታ በካቴናው በኩል ያለው የታችኛው የኋላ ቱቦ ነው፤ ኮረኮንች ላይ ካቴናው እየዘለለ ይመታዋል። ግንባሯ ላይ ወፈር ያለ ግልጽ ፕላስቲክ ቆርጠህ ለጥፍ፣ የኋላው ቱቦ ላይ አሮጌ የውስጥ ጎማ ጠምጥም። የግማሽ ሰዓት ሥራ ነው። ስትጨነቅበት ከከረምከው ሁሉ በላይ ይጠብቃታል።

«ካልነዳኋት ትጠበቃለች» የሚለው ሐሳብም እውነት አይደለም። የቆመ ጎማ አየሩን ቀስ በቀስ ይለቃል፣ ከዚያ የሳይክሉ ክብደት ያጠፈው ጎን ይሰነጠቃል። ዘይት ቆይቶ ይወፍራል፣ አቧራም ይይዛል። የቆዳ ኮርቻ ደግሞ ሰው ካልተቀመጠበት እስከ ዘላለሙ ደረቅ ነው፤ ቅርጽ የሚይዘው በአንተው መቀመጫ ነው፣ ለዚያም ጥቂት መቶ ኪሎ ሜትሮች ይፈልጋል። (ቆዳው ዝናብ አይወድም፤ ከኮርቻው ስር አንድ የፕላስቲክ ከረጢት አጣጥፈህ ያዝ፣ ሲዘንብ አልብሰው።)

የሌላ ዓይነት ፍሬም ላላችሁም በአጭሩ። አልሙኒየም እንደ ብረት አይዝግም፤ ጭረት ላይ የራሱን ስስ ሽፋን ይሠራል፣ ግን በብየዳው ዙሪያ የፀጉር ያህል የቀጠነ ስንጥቅ ካያችሁ አትንዱ። ካርቦን ፋይበር ላይ ደግሞ ቀለሙ ብቻ የተጫረ ከሆነ ችግር የለውም፤ በኃይል ተመቶ ከነበረ ግን ላዩ ደህና መስሎ ውስጡ ሊላቀቅ ስለሚችል ባለሙያ ይየው። የካርቦን ቱቦን በመጠገኛ ማቆሚያ አትጭመቁት፣ ብሎኖቹንም አጠገባቸው ከተጻፈው የኒውተን ሜትር (የማጥበቂያ ኃይል ልክ) ቁጥር በላይ አታጥብቁ። ውድ ሳይክሎች በመንገድ ላይ ብቻ አይሰበሩም፤ በችኩል መፍቻም ይሰበራሉ።

አንተ ግን ወንድሜ፣ ለሳይክልህ ቋሚ ሥራ ስጣት። ወደ ሥራ፣ ወደ ወዳጅ ቤት፣ የትም ይሁን። «ቀኑ ሲያምር እወጣለሁ» ካልክ ቀኑ መቼም አያምርም። ፓራፋንጎ አስገጥምላት፤ የብረት ሳይክል በፓራፋንጎ ታምራለች እንጂ አትበላሽም፣ ዝናብም ሰበብ መሆኑ ይቀራል።

ጥያቄ፦ ሳይክሌን አቁሜ የትም መግባት አልችልም። ገብቼ ቁጭ ስል ልቤ ውጪ ነው። በየደቂቃው እየተነሳሁ አያለሁ፣ የምናገረው ሰው ሁሉ ይታዘበኛል። የሚያስተማምን ቁልፍ አለ?
ልቧ ውጪ የቀረ

መልስ፦ እህቴ፣ የማይቆረጥ ቁልፍ የለም። ሁሉም ጊዜና መሣሪያ ካገኘ ይቆረጣል። የምትገዢው ደቂቃዎችን ነው፤ ሌባው የሚጠላውም ደቂቃንና ድምፅን ነው።

የሽቦ ገመድ ቁልፍ ብቻውን ይቅርብሽ፣ በትንሽ መቁረጫ ይበጠሳል። የ«ዩ» ቅርጽ ያለው ወፍራም የብረት ቁልፍ ያዢ፣ ጠበብ ያለውን ምረጪ፤ በውስጡ ትርፍ ቦታ ከሌለ ሌባው መፈልቀቂያ የሚሰካበት አያገኝም። ፍሬሙንና የኋላ ቸርኬውን አንድ ላይ አድርገሽ መሬት ውስጥ ከተቀበረ ነገር ጋር እሰሪ። ካሰርሺበት በኋላ ምሰሶውን ነቅነቅ አድርጊው። እንዲሁም ቀና ብለሽ እዪው፦ ሳይክሏ ተነስታ ከላይ የምትወጣበት አጭር ምሰሶ ከሆነ ቁልፍሽ ዋጋ የለውም። የፊት ቸርኬውን ብቻ ቆልፎ መሄድ ደግሞ ብዙ ሰው የሚሠራው ስህተት ነው። ቱሊዮ ካምፓኞሎ የተባለው ጣሊያናዊ እ.ኤ.አ. በ1930ዎቹ ገበያ ላይ ያወጣት በአንዲት ዘንግ የምትፈታ የቸርኬ ማሰሪያ ለእሽቅድድም ሰው በረከት ናት፣ ለሌባም እንደዚያው፤ ቸርኬውን ላንቺ ትቶልሽ ቀሪውን ይዞ ይሄዳል። ያንቺ እንደዚህ ዓይነት ማሰሪያ ካላት በመፍቻ ብቻ በሚፈታ ብሎን አስቀይሪው።

አሁኑኑ የምታደርጊው ሌላም አለ። ሳይክሏን ገልብጪና ፔዳሎቹ እምብርት ስር የተቀረጸውን ቁጥር ፎቶ አንሺው። ሙሉዋንም በካቴናው በኩል አንሺያት፤ ልዩ ምልክት፣ ጭረትም ቢሆን፣ ለብቻው ይነሳ። ደረሰኙን አብረሽ አስቀምጪ። የጠፋ ሳይክል ተገኝቶ ባለቤቱ ማረጋገጥ ሲያቅተው እንደማየት የሚያናድድ ነገር የለም።

ይሄን ሁሉ አድርገሽም ልብሽ ካላረፈ፣ ሌሊት ውጪ አታሳድሪያት፣ ለረጅም ሰዓትም በማታውቂው ቦታ አትተያት። ለቀሪው ግን ግቢና ቁጭ በዪ። ከሰው ጋር እያወራሽ መስኮት መስኮት ማየት ሳይክሏን አያድናትም።

ጥያቄ፦ በሳምንት አንድ ቀን አብሬያቸው የምነዳ ሰዎች አሉ። የኔ ሳይክል ያገለገለች አልሙኒየም ናት፣ የነሱ ሁሉ ካርቦን ነው። አንዱ ባየኝ ቁጥር «ይቺን መቼ ነው የምትቀይሪያት?» ይላል። ሌላው ሳልጠይቀው ስለ ክብደቷ ያስረዳኛል። መንዳቱን በጣም እወደዋለሁ፣ እነሱን ግን እየጠላኋቸው መጣሁ። ልቀይር ወይስ ልተዋቸው?
ያገለገለች ሳይክል ያላት

መልስ፦ አትቀይሪ። ቢያንስ በሱ ምክንያት አትቀይሪ።

ስለ ክብደቷ ያስረዳሽን ሰው ሒሳቡን አብረን እንሥራለት። አንቺና ሳይክልሽ ከነውሃችሁ 85 ኪሎ ናችሁ እንበል። አንድ ሙሉ ኪሎ የቀለለች ሳይክል ብትገዢ ከጠቅላላው የቀነሰው 1.2 በመቶ አካባቢ ነው። አንድ ሰዓት የሚፈጅ ቀጥ ያለ ዳገት ላይ ከአንድ ደቂቃ ያነሰ ጊዜ ታተርፊያለሽ። ሜዳ ላይ? ከምንም አይቆጠርም፤ እዚያ የሚይዝሽ ነፋስ ነው።

እ.ኤ.አ. በ1993 ግሬም ኦብሪ የሚባል ስኮትላንዳዊ በኖርዌይ ሐማር ከተማ የአንድ ሰዓት ክብረ ወሰን ሰበረ፤ 51.596 ኪሎ ሜትር ነበር የነዳው። ያንን ክብረ ወሰን ለዘጠኝ ዓመታት ይዞት የቆየው ጣሊያናዊው ፍራንቼስኮ ሞዘር ነበር፣ ዘመኑ ባፈራው ምርጥ ቴክኖሎጂ ታግዞ። የኦብሪ ሳይክል ግን ራሱ የሠራት ናት፤ የልብስ ማጠቢያ ማሽን ኩሽኔታ ሁሉ ገብቶባታል። አቀማመጡን ሲያዩ ብዙዎች ስቀውበታል። ክብረ ወሰኑ ግን ተመዘገበ።

ይሄን የምነግርሽ «ርካሽ ይሻላል» ለማለት አይደለም። ደህና የተሠራ ሳይክል ደስታ አለው፣ የወደደ ይግዛ። ሳይክል ግን የሰው ደረጃ መለኪያ ሲሆን ነገሩ ሁሉ ይበላሻል፤ ባለ ውዱም ይጨነቃል፣ ባለ ርካሹም ያፍራል፣ ሁለቱም መንዳቱን ይረሱታል።

ሳይክልሽን ሳትቀይሪ ልታሻሽያት ከፈለግሽ ሦስት ቦታ ንኪ። ጎማዋ ይታይ፤ ጥሩ ጎማ ከማንኛውም ሌላ ዕቃ በላይ የሚሰማ ልዩነት ያመጣል፣ ፍሬምሽ የሚፈቅድ ከሆነም ወፈር ያለውን ምረጪ፣ የዘንድሮ ፕሮፌሽናሎችም ቀጭኑን ትተው ወደ 28 እና 30 ሚሊ ሜትር ሄደዋል። ሁለተኛ፣ የኮርቻው ከፍታ። ፔዳሉ ታች ሲደርስ ተረከዝሽን አድርጊበት፦ ጉልበትሽ ቀጥ ካለ ልክ ነው፤ ከዚያ በእግርሽ ጣቶች ስር ባለው ስፍራ ስትረግጪ ጉልበትሽ ትንሽ እጥፍ ይላል። ሦስተኛው ካቴናው ነው። የአዲስ ካቴና 12 ሙሉ ዘለላ (አንድ ሙሉ ዘለላ የውጭና የውስጥ ጥንድ ነው) ከፒን መሐል እስከ ፒን መሐል 12 ኢንች፣ ማለትም 304.8 ሚሊ ሜትር ነው። ማስመሪያ አድርጊና ለኪው፤ ወደ 306.4 ሚሊ ሜትር ከተጠጋ ይቀየር፣ ያለበለዚያ ጥርሶቹን ይበላቸዋል፣ እነሱ ደግሞ ከካቴናው በላይ ይወደዳሉ።

ለሰውየው ደግሞ አንዴ፣ ሳትቆጪ፣ ዓይኑን እያየሽ «እወዳታለሁ፣ አልቀይራትም» በዪውና ወሬውን ለውጪ። ብዙ ሰው ክፋት ኖሮት አይደለም፤ ሌላ የሚያወራው ስለሌለው ነው። ከዚያም በኋላ ካልተወሽ፣ አብረሽ የምትነጂያቸውን ሰዎች ቀይሪ። ሳይክሏ ምን አጠፋች?

ጥያቄ፦ ሳይክል ለመንዳት የግድ ያ ጥብቅ ልብስ ያስፈልጋል?

መልስ፦ አያስፈልግም። ለረጅም መንገድ ስፌት የሌለበት የተደላደለ ቁምጣ መቀመጫን ከመላጥ ያድናል፣ ጥቅሙ ይሄ ነው። ለአጭር መንገድ የለበስከው ሱሪ ይበቃል፤ በካቴናው በኩል ያለውን እግር ጠቅልለው ወይም በላስቲክ እሰረው። ሄልሜትና መብራት ላይ ግን አትቆጥብ።

ጥያቄ፦ የኔ ችግር የተገላቢጦሽ ነው። ሳይክሌ ውድ ናት፣ አልዋሽም። በትርፍ ሰዓት ሠርቼ ነው የገዛኋት። ጓደኞቼ ግን «ጉራ ነው» ይሉኛል። አሁን ስነዳ ሰው ሁሉ የሚያየኝ ይመስለኛል፣ ዋጋዋንም ሲጠይቁኝ ዝቅ አድርጌ እናገራለሁ። ውብ ነገር መውደድ ጉራ ነው?
የተሸማቀቀው

መልስ፦ አይደለም። ሳይክል ያማረ ነገር ነው፣ ዓይን ቢማርክ አይገርምም። ጆን ኬምፕ ስታርሊ እ.ኤ.አ. በ1885 «ሮቨር» የተባለችውን ሳይክል ካወጣ ወዲህ መጠናቸው የተቀራረበ ቸርኬዎች፣ የኋላውን የሚያዞር ካቴና፣ በመሐል ሰውየው፤ ብዙም ሳይቆይ የፍሬሙ ሁለት ሦስት ማዕዘኖች ተጨመሩ፣ እስከ ዛሬ ቅርጹ በመሠረቱ ያው ነው። የተሸፈነ ነገር የላትም። ካቴናው፣ ጥርሱ፣ ገመዱ፣ የቸርኬው ሽቦ፣ ሁሉም ሥራውን በዓይንህ ፊት ይሠራል። አንድ ሰው ተጨንቆ የሞረደውን መገጣጠሚያ ቆሞ ማየት፣ ለዚያም ገንዘብ መክፈል፣ የሠሪውን ድካም ማክበር ነው።

ጉራ የሚጀምረው ሌላ ቦታ ነው። የሌላውን ሳይክል ዓይተህ በዓይንህ ዋጋ ስታወጣ፣ ሳትጠየቅ ስለ ዕቃዋ ስም ስትዘረዝር፣ ያረጀች ሳይክል የያዘ ሰው ሰላም ሲልህ አላየሁም ብለህ ስታልፍ። እነዚህን ካላደረግክ ነፃ ነህ።

ዋጋዋን ግን አትዋሽ። ዝቅ አድርገህ ስትናገር ራስህን እንደ ጥፋተኛ እያስቆጠርክ ነው። ሲጠይቁህ እውነቱን በአጭሩ ንገር፣ ወይም «ብዙ ነው፣ ለረጅም ጊዜ ሠርቼ ነው» በል፤ ሁለቱም ጨዋ መልስ ነው። ከዚያ የሚሻለው ደግሞ «እስቲ ሞክራት» ማለት ነው። ኮርቻውን ለቁመቱ አስተካክልለትና አንድ ዙር ይንዳት። «ጉራ ነው» ያለህ ጓደኛ ተመልሶ ሲመጣ ስለ ዋጋዋ አይደለም የሚያወራው፣ ስለ ማርሹ ነው። መንገድ ላይ ጎማው የፈነዳበትን ሰው ስታይም ቁም፤ ፖምፓህን አውጣ፣ የሳይክሉን ዓይነት አትይ።

ጥያቄ፦ ለአዘጋጁ፤ ዕድሜዬ ገፍቷል። አባቴ ይነዳት የነበረች የብረት ሳይክል ከመጋዘን አወጣሁ። ቀለሟ ደብዝዟል፣ የፋብሪካው ጽሑፍ ግን ይነበባል፣ ብረቱ ላይ ቡናማ ዝገት አለ። ልጄ አስፍቆ እንደ አዲስ በሚያብረቀርቅ ቀለም ሊያስቀባልኝ ይፈልጋል። እኔ ደግሞ ልነዳት ነው የምፈልገው። ምን ይመክሩኛል?

መልስ፦ ጤና ይስጥልኝ አባቴ። የአባትዎን ነፍስ ይማር፤ እንኳን አልጣሏት። ልጅዎ በቅን ልቦና ነው ያሰበው፣ ግን ቀለሙን ባይነኩት እመርጣለሁ። ቀለም ሁልጊዜ ሊቀባ ይችላል፣ የመጀመሪያው ግን አንዴ ከተፋቀ አይመለስም፤ የፋብሪካውም ጽሑፍ አብሮ ይሄዳል። ለብ ያለ ውሃና ሳሙና በለስላሳ ጨርቅ፣ ከዚያ የመኪና ሰም ይበቃታል። ነጩ የሚያብረቀርቀው ብረት ላይ ያለውን ዝገት ትንሽ የአልሙኒየም ፎይል ጨምድደው በውሃ እያራሱ ይሹት፣ ሲለቅ ያዩታል።

ገንዘቡን ደህንነቷ ላይ ያውሉት። የፍሬኑ ጎማዎች ደርቀው ድንጋይ ሆነዋልና ይቀየሩ። ገመዶቹም ከነሽፋናቸው ይቀየሩ። ኩሽኔታዎቹን መካኒኩ ይክፈታቸው፣ የደረቀውን ግራሶ ያጥበውና አዲስ ይሙላ፤ ብዙ ጊዜ ኳሶቹን መቀየር ብቻ ይበቃል። የፊቱን ሹካ በደንብ አስፈትሹልኝ፣ የታጠፈ ወይም የተሰነጠቀ ከሆነ ከዚያ ወዲያ አይነዳም። ቸርኬዎቿም ብረት ከሆኑ አንድ ነገር ይወቁ፦ ሲረጥቡ ፍሬን ዘግይቶ ነው የሚይዛቸው፣ በዝናብ ቀን ቀስ ይበሉ፣ ቀድመው ይጨብጡ።

ጎማ ሲገዙ ይጠንቀቁ። የድሮ ሳይክሎች ብዙ ጊዜ «27» የተባለውን መጠን ነው የሚይዙት፤ የሚቀመጥበት የቸርኬ ዲያሜትር 630 ሚሊ ሜትር ነው። ዛሬ በብዛት የሚሸጠው «700» ደግሞ 622 ነው። ልዩነቱ 8 ሚሊ ሜትር ብቻ ስለሆነ በዓይን አይለይም፣ ግን አንዱ በሌላው ላይ አይገባም። ከነዚህ ሌላ መጠንም ሊሆን ይችላል። አሮጌው ጎማ ጎን ላይ የታተመውን ቁጥር ጽፈው ቢልኩልን የቱን መግዛት እንዳለብዎት በሚቀጥለው እትም እንነግርዎታለን።